ሥርዓተ ዐፅም

በመርካቶ ከራጉኤል ቤተ ክርስቲያን በታች፣ በገበያተኛው መካከል «ዞር በሉ!» እያለ የሚያልፈውን ተሸካሚ ልብ ብሎ የተመለከተ ሰው፣ ጆንያው ከማጅራቱ ዝቅ ብሎ ጀርባው ላይ እንደ ተጋደመ፣ የባቱም ጅማት በየርምጃው እንደሚወጠር ያያል፤ ነገር ግን ያን ሁሉ ክብደት ተቀብሎ እስከ ምድር የሚያደርሰው ነገር በሥጋ ስለ ተሸፈነ ከዐይን የተሰወረ ነው። ይህን ስውር አካል የውጭ አገር ሊቃውንት «ስኬሌተን» ሲሉት፣ በእኛ የትምህርት መጻሕፍት «ሥርዓተ ዐፅም» ተብሏል።

የውጭው ቃል ከጽርዕ የመጣ ሲሆን ትርጓሜው የደረቀ ማለት ነው። በአማርኛም ዐፅም ሲባል አብዛኛውን ጊዜ የሚታሰበን ከመቃብር የወጣው ቅሪት ነው፤ በግእዝ ግን ዐፅም የሕያውም የሙትም አጥንት ስም በመሆኑ፣ «ሥርዓት» ሲቀድመው እያንዳንዱ አጥንት በቦታው ተሰድሮ ሌላውን የሚያገለግልበትን ሕያው አካል ያመለክታል፤ ስለዚህ የእኛው ስም ለነገሩ እጅግ የቀረበ ሆኖ አግኝቼዋለሁ።

በአዋቂ ሰው ገላ ውስጥ 206 አጥንቶች ይገኛሉ። የተሸካሚው ጆንያ ክብደት በአከርካሪው በኩል፣ በየአንጓው መካከል ባሉት ዲስኮች እየለዘበ፣ ወደ ዳሌው ይወርድና በዚያ ለሁለት ተከፍሎ በጭንና በቅልጥም አጥንቶች እስከ ተረከዝ ይዘልቃል። ይህ መንገድ ጥንታዊ ነው፤ በ1967 ዓ.ም. በአፋር ምድር ሐዳር ላይ የተገኘችው፣ 3.2 ሚሊዮን ዓመት የሚገመታት ድንቅነሽ በሁለት እግሯ ቆማ ትሄድ እንደ ነበር ሊቃውንቱ የተረዱት በተለይ ከዳሌዋና ከጭኗ አጥንት ነው።

መሸከም ብቻ አይደለም፤ መጠበቅም አለ። የራስ ቅል አንጎልን ይከልላል፤ 12ቱ ጥንድ የጎድን አጥንቶች ልብንና ሳንባን ከበው ሳለ ከትንፋሽ ጋር ከፍና ዝቅ ይላሉ፤ ኅብለ ሰረሰርም በአከርካሪው ቀዳዳ ውስጥ ተሰውሮ ያልፋል።

አጥንት ይህን ሁሉ የሚችለው ከሁለት ነገር ስለ ተሠራ ነው፤ ኮላጅን የተባለው ጭረት እንደ ፌሮ ሲወጠር ይችላል፣ የካልሲየምና የፎስፌት ማዕድን ደግሞ እንደ ሲሚንቶ ሲጫኑት ይችላል። ማዕድኑ ቢጎድል ይለምጣል፣ ጭረቱ ቢጎድል ይሰባበራል። ከዚህም በላይ አጥንት የራሱ ደምና ነርቭ ያለው፣ አሮጌውን እያፈረሰ አዲሱን የሚገነባ፣ በመቅኑም ደም የሚፈጥር ነው፤ ዩሊየስ ቮልፍ የተባለው ጀርመናዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1892 እንደ ጻፈውም፣ ውስጣዊ አሠራሩን ከሚደርስበት ጫና ጋር ያስማማል።

የተሰበረ አጥንት መልሶ የሚገጥመውም ሕያው ስለሆነ ነው። ወጌሻው ወይም ሐኪሙ አጥንቱን አቅንቶ እንዳይነቃነቅ ያደርጋል፤ የሚያያይዘው ግን ደም የሚደርሰው የአጥንቱ ሕዋስ ነው። ስለዚህ በቀርከሃ ታስሮ የዋለ እጅ ወይም እግር ጣቱ ቢቀዘቅዝ፣ ቢደነዝዝ ወይም ቢጠቁር፣ ማሰሪያው የደሙን መንገድ ዘግቷል ማለት ነውና በቶሎ ሊላላና ሰውየው በዚያው ሰዓት ወደ ሐኪም ቤት ሊወሰድ ይገባል፤ እስኪነጋ መታገሥ እጅን ወይም እግርን እስከ ማስቆረጥ ያደርሳል።