የልብ ቫልቭ ቅየራ፦ ከቀዶ ሕክምና በኋላ የሚቆዩ ምልክቶች

የተጎዳ የልብ ቫልቭ በሰው ሠራሽ ከተተካ በኋላ ድካም፣ የደረት ሕመምና የልብ ምት መዛባት ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት ሊቆዩ ይችላሉ። በኢትዮጵያ ብዙዎችን ለዚህ ሕክምና የሚዳርገው በልጅነት በወጉ ካልታከመ የቶንሲል ሕመም የሚነሳው የሩማቲክ የልብ ሕመም ነው።

በቀዶ ሕክምናው ተከፍቶ በሽቦ የታሰረው የደረት አጥንት እስኪገጥም ከ6 እስከ 12 ሳምንት ይወስዳል፤ እስከዚያ ትራስ ደረት ላይ አቅፎ ማሳል ሕመሙን ያስታግሳል። ሌሊት ቤቱ ጸጥ ሲል ከደረት የሚሰማው፣ የሰዓት ቆጠራ የሚመስል ድምፅ ስንቱን እንቅልፍ ነስቷል! ይህ የብረት ቫልቭ ሲዘጋ የሚያሰማው ጤናማ ድምፅ ነው። በድንገት ከታፈነ ግን የረጋ ደም ቫልቩን ይዞት ሊሆን ይችላል።

የታካሚውን ስጋት «ፍርሃት ነው» ብሎ ማጣጣል አይገባም። የማይለቅ ትኩሳት የቫልቭ ኢንፌክሽን ምልክት ሊሆን ይችላል፤ የደም ናሙና ሳይሰጡ ከፋርማሲ አንቲባዮቲክ ገዝቶ መዋጥ ጀርሙን ከምርመራ ይሰውረዋል። የትንፋሽ ማጠር፣ የእግር እብጠት ወይም የሰውነት አንድ ወገን መስነፍ ሲታይ ወዲያውኑ ሆስፒታል መሄድ ያስፈልጋል።

የብረት ቫልቭ ያለው ሰው ደም እንዳይረጋ የሚከላከለውን ዋርፋሪን ዕድሜ ልኩን ይወስዳል። በቫይታሚን ኬ የበለጸገው ጎመን የመድኃኒቱን ኃይል ስለሚቀንስ፣ በጾም ወራት አመጋገብ ሲለወጥ የደም መርጋት ምርመራውን ማዘግየት አደገኛ ነው።