በቤተ ቀጢን የቆየው ኅብረት፦ ከተስዓቱ ቅዱሳን ታሪክ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ስለ ተስዓቱ ቅዱሳን ስንማር አብዛኛውን ጊዜ የምንሰማው ከተለያዩ በኋላ ያለውን ታሪካቸውን ነው። አቡነ አረጋዊ ወደ ደብረ ዳሞ አምባ እንዴት እንደ ወጡ፣ አባ ጰንጠሌዎን በጠባብ በአታቸው 45 ዓመት ቆመው እንዴት እንደ ጸለዩ፣ አባ ገሪማ በመደራ ስላደረጓቸው ተአምራት ከልጅነታችን ጀምሮ ሲነገረን አድገናል። በአንድ ክፍል ተመድበን በኅብረት ለምናገለግል ለእኛ ግን ከዚያ በፊት የነበረው፣ ስብከትም ሥዕልም እምብዛም የማይነካው ዘመናቸው የሚያስተምረን ይበልጣል።

ዘጠኙ አባቶች ወደ አክሱም የገቡት በ5ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መገባደጃ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ451 የተደረገው የኬልቄዶን ጉባኤ የምሥራቁን ክርስትና ከፍሎ፣ ውሳኔውን ያልተቀበሉት አባቶች በሮም መንግሥት ግዛት ውስጥ መከራ የሚቀበሉበት ወቅት ነበር። ትውፊታችን አገራቸውን ሲቆጥር ሮምን፣ ቁስጥንጥንያን፣ አንጾኪያን፣ ቂልቅያን፣ ቂሣርያን ይጠራል። (ሁሉም ከሶርያ መጡ የሚለው የቀደሙ አጥኚዎች ሐሳብ ዛሬ በቋንቋ ሊቃውንት ዘንድ ጥያቄ ተነሥቶበታል፤ ትውፊታችን ግን ቀድሞም ቢሆን ከአንድ አገር መጡ አላለም።) አንድ ከተማ ያላሳደጋቸው፣ በትውልድም በኑሮ ደረጃም የማይመሳሰሉ፣ እንደ ትውፊቱም የንጉሥ ልጅ ጭምር የነበረባቸው ሰዎች ናቸው።

ንጉሡ በክብር ተቀብሎ በአክሱም ቤተ ቀጢን በተባለው ስፍራ አኖራቸው። በዚያም የአገሩን ቋንቋና ልማድ እየተማሩ 12 ዓመት ተቀመጡ። እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ። በሰንበት ትምህርት ቤታችን የአንድ ሥራ አስፈጻሚ የአገልግሎት ዘመን ስንት ዓመት እንደ ሆነ ታውቃላችሁ። አንዱን ክፍል ለማቋቋምና የመጀመሪያውን መርሐ ግብር ለማቅረብ ምን ያህል እንደምንቸኩልም ታውቃላችሁ። እነዚህ አባቶች ግን መጻሕፍትን ያወቁ፣ በምንኩስና የተፈተኑ ሆነው ሳለ፣ የግእዝን ቃል አንድ በአንድ እየጠየቁ ፊደል ከሚቆጥር ሕፃን ጋር እኩል ጀመሩ። በአፍ መፍቻ ቋንቋው አንደበተ ርቱዕ የነበረ ሰው በባዕድ ቋንቋ ሲንተባተብ ወንድሙ ይሰማዋል፤ ነገ ደግሞ ወንድሙ ሲሳሳት እርሱ ይሰማል። እንደ እኔ አስተያየት የኅብረታቸው መሠረት የተጣለው በዚህ ነው። እርስ በርስ መተናነስን የተማሩት ገና ማንም ደቀ መዝሙር ሳይከተላቸው፣ ገዳማቸውም ሳይገደም ነበር።

የዚህ ፍሬ በትርጉም ሥራቸው ታየ። የቅዱሳት መጻሕፍት ወደ ግእዝ መተርጎም ከእነርሱ በፊት የተጀመረ ቢሆንም፣ ሥራውን በማስፋፋትና በማሳካት ቤተ ክርስቲያናችን ተስዓቱ ቅዱሳንን ታስባለች። ሥርዓተ ጳኩሚስና መጽሐፈ ቄርሎስም ከጽርእ ወደ ግእዝ የተመለሱት በዚያው በአክሱም ዘመን ነው። በአባ ገሪማ ገዳም የሚገኙት ጥንታውያን የብራና ወንጌሎች በሳይንሳዊ ምርመራ ከ4ኛው እስከ 7ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ባለው ጊዜ ውስጥ የተዘጋጁ መሆናቸው ታውቋል። ይሁንና የትኛው መጽሐፍ በየትኛው አባት እንደ ተተረጎመ በእርግጠኝነት ለይቶ የሚነግረን የለም። የሥራው ባለቤት «ዘጠኙ» ናቸው።

ይህን ስጽፍ የማስታውሰው ነገር አለ። በአንድ ሰንበት ትምህርት ቤት የምሥረታ በዓል መጽሔት ስናዘጋጅ፣ ጽሑፉ ሁሉ ተጠናቆ ሳለ በምስጋናው ገጽ ላይ የማን ስም ይቅደም በሚለው ተከራክረን መጽሔቱ የወጣው በዓሉ ካለፈ በኋላ ነው። ከተከራካሪዎቹ አንዱ እኔ ነበርሁ። የዛሬ ተማሪዎች ያን መጽሔት ቢያገኙ የምስጋናውን ገጽ የሚያነቡት አይመስለኝም።

ታዲያ በዘጠኙ መካከል መጠራጠር አልነበረም ማለት ነውን? ነበረ። የአባ ገሪማ ገድል ይህን አልደበቀብንም። የቀድሞ ስማቸው ይስሐቅ ነው። ከምግብ በኋላ ይቀድሳሉ የሚል ክስ ተነሣባቸውና ነገሩ ወደ አባ ጰንጠሌዎን ደረሰ። ክሱ ቀላል አይደለም፤ ለአንድ ካህን ከዚህ የከበደ ነቀፋ ማግኘት ያስቸግራል። አባ ጰንጠሌዎን ግን በጉባኤ ፊት አልከሰሷቸውም። ሊነግሯቸው የፈለጉት ምሥጢር ስለ ነበረ በአካባቢው ያሉት ሰዎች ፈቀቅ እንዲሉ ጠየቁ። አባ ይስሐቅም ሰዎቹ ብቻ ሳይሆኑ ዛፎቹና ድንጋዮቹም ፈቀቅ ይበሉ ብለው መለሱ፤ ዛፎቹና ድንጋዮቹም ከስፍራቸው ርቀው ሄዱ። ያን ጊዜ አባ ጰንጠሌዎን አድንቀው «ገረምከኒ»፣ አስደነቅኸኝ አሏቸው፤ ገሪማ የተባሉትም ከዚህ የተነሣ ነው።

ይህን ታሪክ ስንሰማ ዓይናችን በዛፉና በድንጋዩ ላይ ይቀራል። እናንተ ግን ከተአምሩ በፊት የሆነውን ልብ በሉ። ጥርጣሬውን የሰሙት አባት ወሬውን ለሌላ አላቀበሉም፤ በቀጥታ ለባለቤቱ ሊነግሩ መጡ፤ ከመናገራቸውም በፊት ሰሚ እንዳይኖር ጠነቀቁ። ዛሬ እኛ የአንዱን አገልጋይ ጉድለት አስቀድመን በቴሌግራም የምናወራው፣ ለባለቤቱ የምንነግረው መጨረሻ ላይ፣ እርሱም ከነገርነው ነው። ተከሳሹም «ማን ነገረህ?» አላሉም፤ የከሳሾቻቸውንም ነውር አልቆጠሩም። ከሁሉ በላይ የሚገርመኝ ግን ሊገሥጹ የመጡት አባት ናቸው። እውነቱ ሲገለጥ ለቀረበው ክስ ምክንያት አልፈለጉለትም፤ መሳሳታቸውን በአድናቆት ተቀበሉ። አባ ገሪማ እስከ ዛሬ የሚጠሩበትን ስም ያገኙት ሊገሥጿቸው ከመጡት አባት አፍ ነው።

ከ12 ዓመት በኋላ ከቤተ ቀጢን ወጡ። የተለያዩት በጠብ አልነበረም፤ ወንጌል ያልዳረሰበት አገር ሰፊ ስለ ነበረ እንጂ። አቡነ አረጋዊ ወደ ደብረ ዳሞ፣ አባ ይምዓታ ወደ ገርዓልታ፣ አባ አፍጼ የጥንቱ የጣዖት ቤተ መቅደስ ወዳለበት ወደ ይሐ ሄዱ። አባ ሊቃኖስና አባ ጰንጠሌዎን ከአክሱም ብዙ አልራቁም። አንዱ ሕዝብ ሰብስቦ ሲያስተምር፣ ሌላው ከበአቱ ሳይወጣ ሲጸልይ፣ አንዱ የሌላውን ድርሻ አሳነሰ የሚል ታሪክ አልሰማንም። እንዲያውም ንጉሥ ካሌብ በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ስለ ናግራን ክርስቲያኖች ቀይ ባሕርን ተሻግሮ ሊዘምት ሲነሣ ጸሎት ሊለምን የሄደው፣ እንደ ትውፊቱ፣ ከበአታቸው ወደማይወጡት ወደ አባ ጰንጠሌዎን ነበር።

ስለ አባ ጉባ፣ ስለ አባ ጽሕማና ስለ አባ ዓሌፍ ግን ከመካከላችን ስንቶቻችን አንድ ታሪክ መናገር እንችላለን? እኔ ራሴ ይህን ጽሑፍ ሳዘጋጅ አፈርሁ። ጥቅምት 6 ቀን አባ ጰንጠሌዎንን፣ ጥቅምት 14 ቀን አቡነ አረጋዊን፣ ሰኔ 17 ቀን አባ ገሪማን ስናከብር የእነዚህን ወንድሞቻቸውንም ስም አብረን እንጥራ፤ በየገዳሞቻቸው የሚነገረውን ታሪካቸውንም ከአባቶች ጠይቀን እንጻፍ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።