ሥርም ይተነፍሳል

ስለ ዕፀዋት ስናስተምር «ቅጠል ኦክስጅን ይሰጣል» እንላለን። ተማሪውም «እንግዲያው ተክል ኦክስጅን አያስፈልገውም» ብሎ ይደመድማል። ስሕተቱ የእርሱ ብቻ አይደለም፤ ታሪኩን ከመካከል ቆርጠን የምናስተምር እኛም አለንበት። ስለዚህ ከመነሻው እንመልከተው። ዘመኖቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

በ1771 እንግሊዛዊው ጆሴፍ ፕሪስትሊ ሻማ ነድዶ በጠፋበት ዝግ አየር ውስጥ የናና ቅርንጫፍ አኖረ። ከቀናት በኋላ በዚያው አየር ሌላ ሻማ ነደደ። በ1779 የሆላንድ ተወላጅ የሆነው ሐኪም ያን ኢንገንሃውስ አየሩን የሚያድሰው አረንጓዴው ክፍል ብቻ፣ እርሱም ብርሃን ሲያገኝ መሆኑን አሳየ። ብዙውን ጊዜ ትምህርታችን የሚያበቃው እዚህ ላይ ነው። ነገር ግን በ1804 የጄኔቫው ኒኮላ ቴዎዶር ደ ሶሲር ሥርም ኦክስጅን እንደሚሻ በሙከራ አረጋገጠ።

ነገሩ የገበሬ ጉዳይ የሆነው ቆይቶ ነው። በ1860 ገደማ ጀርመናዊው ዩሊየስ ሳክስ ተክልን ያለ አፈር፣ ማዕድን በሟሟበት ውሃ አሳደገ። ከ1929 ጀምሮ በካሊፎርኒያ ዊሊያም ጌሪክ ዘዴውን ለምርት ለማዋል ተነሣ። በ1938 በዚያው ዩኒቨርሲቲ የነበሩት ሆግላንድና አርነን ስለዚህ ዘዴ ባሳተሙት ጽሑፍ ለሥሩ አየር ማድረስ እንደሚያስፈልግ አስገነዘቡ።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። በ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አንድ ሊትር ውሃ ከአየር የሚይዘው ኦክስጅን 9 ሚሊግራም ያህል ነው፤ በ30 ዲግሪ ወደ 7.5 ይወርዳል። በመስታወት ቤት ውስጥ የሚበቅል እንጆሪ ሥሩ በሞቀና በቆመ ውሃ ሲዋጥ ትንፋሽ ያጥረዋል። ትንፋሽ ያጠረው ሥር ጉልበት ስለማያገኝ ውሃና ማዕድን መሳብ ያቅተዋል። ቅጠሉም ቀዳዳዎቹን ይዘጋል፤ ካርቦን ዳይኦክሳይድ አይገባም፤ ብርሃን አስተፃምሮም ይዳከማል።

እንግዲህ ኦክስጅን የተጨመረበት የመስኖ ውሃ ቅጠሉን የሚረዳው በሥሩ በኩል ነው። ሥሩ አስቀድሞ በቂ አየር ካለው ግን ጭማሪው ብዙም አይፈይድም።

ይህን በክፍል ለማሳየት ሁለት ጣሳ ይበቃል። አንዱን ከሥሩ እንብሳ፤ ሁለተኛውን እንተወው። በሁለቱም ቦሎቄ ዘርተን ከበቀለ በኋላ እኩል ፀሐይ እናሳያቸው፤ ውሃም እኩል አብዝተን እናጠጣቸው። ውሃ በተኛበት ማሳ ላይ ሰብል ለምን ቢጫ እንደሚሆን ተማሪው ራሱ ይነግረናል።