ሳያሳምም የሚደነዝዝ እጅ፦ በሥጋ ደዌ የሚደርስን የነርቭ ጉዳት ቀድሞ መለየት

በመካነ ሰላምና በዙሪያዋ ባሉ ደጋማ ቀበሌዎች የእጅ መደንዘዝ ብዙ ጊዜ በብርድ ይመካኛል። ገብስ አጫጁ ማጭድ ጣቱን ሲቆርጠው ካልተሰማው፣ እንጀራ ጋጋሪዋም ምጣዱ እንዳቃጠላት ያወቀችው ውኃ የቋጠረውን ቁስል አይታ ከሆነ ግን ነገሩ ከብርድ ያለፈ ነው። የነርቭ ጉዳት ሊሆን ይችላል፤ ለዚህ ከሚዳርጉ በሽታዎች አንዱ የሥጋ ደዌ ነው። ደሴ አጠገብ የሚገኘው የቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ስም ከዚህ በሽታ ሕክምና ጋር ለረጅም ዘመን ተሳስሮ ኖሯል።

ማይኮባክቴሪየም ሌፕሬ የተባለው ተሕዋስ የነርቭ ክሮችን በሚሸፍኑ ሕዋሳት ውስጥ ይኖራል። የሰውነት መከላከያ በተሕዋሱ ላይ ሲነሣ ነርቩ ይቆጣል፣ ያብጣል፤ እንደ ክርን ባሉ ጠባብ መተላለፊያዎችም ይጨመቃል። አስቸጋሪው ነገር ጉዳቱ አንዳንዴ ያለ ምንም ሕመም መድረሱ ነው። በግብርና ኮሌጅ ሳለሁ ቅጠሉ ሳይጠወልግ ሥሩን መመርመር ተምሬያለሁ፤ እዚህም ነገሩ ከዚያ አይርቅም።

ምርመራው ውድ መሣሪያ አይጠይቅም። ባለሙያው በክርን ውስጠኛ ጎንና ከጉልበት በታች በውጭ በኩል የሚያልፉትን ነርቮች በጣቱ ዳስሶ መወፈራቸውን ያያል። ታማሚው ዓይኑን እንዲጨፍን፣ ትንሿን ጣቱን ወደ ጎን እንዲዘረጋ፣ አውራ ጣቱን ቀጥ እንዲያደርግ፣ የእግሩንም መዳፍ ወደ ላይ እንዲያነሣ ይታዘዛል፤ ባለሙያውም በእጁ እየተጫነ ጉልበቱን ይለካል። ከዚያም ታማሚው ዓይኑን ጨፍኖ ሳለ መዳፉና የእግሩ መርገጫ በእስክሪብቶ ጫፍ በቀስታ ይነካና የተነካበትን ቦታ እንዲያሳይ ይጠየቃል። የናይለን ክር ባለበት ለእጅ የ2 ግራም፣ ለእግር የ10 ግራም ግፊት ያለው ይመረጣል። ውጤቱ በካርድ ላይ ካልተመዘገበ ግን በቀጣዩ ቀጠሮ የሚነጻጸርበት ነገር አይኖርም።

በ1958 ዓ.ም በአዲስ አበባ የተመሠረተው አለርት፣ እ.ኤ.አ. ከ1988 ጀምሮ አምፌስ በተባለ ጥናቱ የሸዋ ታማሚዎችን ለዓመታት ተከታትሏል። በጥናቱ እንደታየው የነርቭ ጉዳት ሕክምና ከተጀመረ በኋላም ሊከሰት ይችላል፤ አዲስ ጉዳት ከቆየው ይልቅ በተሻለ ሁኔታ ይድናል። ጉዳቱ ከ6 ወር ካልበለጠ በሐኪም ትእዛዝ የሚሰጠው ፕሬድኒሶሎን ስሜትንና ጉልበትን ሊመልስ ይችላል።

በቆዳ ላይ የሚወጣ፣ ሲነካ የማይሰማ ነጣ ያለ ወይም ቀላ ያለ ምልክት ጭርት ወይም ቋቁቻ ተብሎ መታለፍ የለበትም። የሥጋ ደዌ መድኃኒት በነጻ የሚሰጥ ሲሆን እንደ በሽታው ዓይነት ለ6 ወይም ለ12 ወራት ይወሰዳል።