የባዝ ፍል ውሃና በጭቃው ውስጥ የተገኘው ታሪክ

ከጥንታዊ ፍርስራሽ ውስጥ ወርቅ ሲገኝ ሰው ሁሉ ይደነቃል፤ የተጨማደደ የእርሳስ ቁራጭ ሲገኝ ግን ብዙዎች እንደ ጥራጊ ቈጥረው ያልፉታል። ሆኖም ስለ ሕዝብ ኑሮ ይበልጥ የሚነግረን ሁለተኛው ሊሆን እንደሚችል በእንግሊዝ አገር በባዝ ከተማ የሚገኘው የሮማውያን መታጠቢያ ያስረዳናል። በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ባዝ ለኢትዮጵያውያን እንግዳ ስም አይደለም፤ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከ1936 እስከ 1940 ዓ.ም. በስደት የተቀመጡት በዚችው ከተማ ነበርና። ከተማዪቱ ስሟን ያገኘችው ግን ከፍል ውሃዋ ነው። ሊቃውንት እንደሚያስረዱት፥ በሜንዲፕ ኮረብቶች ላይ የሚዘንበው ዝናብ ወደ ምድር ጥልቅ ሰርጎ በዚያ ይግላል፤ ከዚያም በዐለት ስንጥቅ ወደ ላይ ይወጣል። ሙቀቱ 46 ዲግሪ ያህል ሲሆን፥ በየቀኑ የሚፈልቀው ከ1,000,000 ሊትር ይበልጣል።

ሮማውያን በ43 ዓ.ም. ብሪታንያን ከወረሩ በኋላ፥ የአገሬው ሰዎች ሱሊስ የሚሏትን የምንጭ አምላክ ሚኔርቫ ከምትባለው የራሳቸው አምላክ ጋር አንድ አድርገው ቤተ መቅደስና መታጠቢያ ሠሩ። የትልቁ ገንዳ ጥልቀት 1 ሜትር ከ60 ሳንቲሜትር ሲሆን፥ ወለሉ በ45 የእርሳስ ዝርጎች ተሸፍኗል። የሞቁት ክፍሎች ወለል በአጫጭር የጡብ ዓምዶች ላይ ቆሞ፥ የእሳቱ ትኩስ አየር በሥሩ ያልፍ ነበር። ትርፉም ውሃ በቦይ ወደ አቮን ወንዝ ይወርዳል።

በ5ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ የሮማ አገዛዝ ሲያከትም፥ ያን ሁሉ የሚጠብቅ ጠፋ። ገንዳው በደለል ሞላ፤ ጣሪያውም ወደቀ። ከብዙ መቶ ዓመታት በኋላ፥ በ1727 ዓ.ም. የፍሳሽ ቦይ የሚቈፍሩ ሠራተኞች በወርቅ የተለበጠ የሚኔርቫን የነሐስ ራስ አገኙ። በ1790 ዓ.ም. የቤተ መቅደሱ ፊት ድንጋዮች ከአዲስ ሕንጻ መሠረት ወጡ። በ1880ዎቹ ዓመታት የከተማው መሐንዲስ ቻርልስ ዴቪስ ትልቁን ገንዳ ገለጠው፤ በ1897 ዓ.ም. ለሕዝብ ተከፈተ።

ከሁሉ የሚበልጠው ግኝት ግን የመጣው ዘግይቶ ነው። ውሃው ለጤና አስጊ ሆኖ ስለ ተገኘ በ1978 ዓ.ም. በዚያ መታጠብ ተከለከለ። በ1979 ዓ.ም. ባሪ ከንሊፍ የተባሉት የቁፋሮ ሊቅ የምንጩን ጭቃ መመርመር ጀመሩ። ከ12,000 በላይ የሮማውያን ገንዘብና 130 ያህል ጽሑፍ የተቀረጸባቸው ስስ የእርሳስ ቁራጮች ተገኙ። እነዚህም ንብረታቸው የተሰረቀባቸው ሰዎች ለአምላካቸው የጻፏቸው አቤቱታዎችና እርግማኖች ናቸው። ዶቺመዲስ የተባለ ሰው ሁለት ጓንት ጠፍቶበት፥ ሌባው አእምሮውንና ዓይኑን እንዲያጣ ይለምናል። ሌላው የመታጠቢያ ልብሱና ካባው ተወስዶበታል። አንያኑስ የተባለው ደግሞ ስድስት ብር ከከረጢቱ ስለ ተሰረቀበት፥ ሌባው አረማዊም ይሁን ክርስቲያን፥ ባሪያም ይሁን ጨዋ፥ እንዳያመልጥ ያመለክታል።

እንግዲህ የሚያብረቀርቀው የነሐስ ራስ የሠሪውን ጥበብ ያሳየናል፤ የእርሳሱ ቁራጭ ግን ሕዝቡ ምን ይለብስ፥ ምን ይሰጋ፥ ላቲኑን እንዴት ይናገር እንደ ነበረና ክርስትና በዚያ አገር መታወቁን ይነግረናል። ጓንቱ የጠፋበት ሰው በነገሥታት ዜና መዋዕል ስፍራ አልነበረውም፤ ጭቃው ግን ስሙን ጠበቀለት። በ2014 ዓ.ም. እነዚህ ጽሑፎች በእንግሊዝ አገር የዓለም መታሰቢያ መዝገብ ውስጥ መግባታቸው ተገቢ ነው።

ከዚህ የምንማረው አለ። ለትምህርት ቤት ወይም ለመንገድ መሠረት ሲቈፈር፥ ገል ወይም ጽሑፍ ያለበት ድንጋይ ቢወጣ፥ የተገኘበት ስፍራና ጥልቀት ራሱ ምስክር ስለ ሆነ፥ ከቦታው ሳናነሣ ለሚመለከተው ክፍል ማስታወቅ ይገባናል። ቅርስ ጠባቂ የሚባለው ወርቁን በሣጥን የቈለፈ ብቻ አይደለም፤ ጭቃውን በትዕግሥት የመረመረም ጭምር ነው።