የአረጋውያን ሠራተኛ ሴቶችን የሕይወት ታሪክ በቴአትር ማቅረብ፦ በነጌሌ ቦረናና በደቡብ ቆላማ ከተሞች ለሚገኙ ማኅበራትና ክበባት የቀረበ መረጃ

በነጌሌ ቦረና፣ በያቤሎና በሞያሌ ገበያዎች ወተትና ቅቤ የሚሸጡት በአብዛኛው ሴቶች ናቸው። በቦረና አርብቶ አደር ማኅበረሰብ የጎጆ ሥራና የወተት ዕቃ ማጠንም የእነርሱ ሙያ ነው። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በዘለቀው ድርቅ በርካታ ቤተሰቦች ከብቶቻቸውን በማጣታቸው የሴቶች የሥራ ጫና ይበልጥ ከብዷል።

በአዋጅ ቁጥር 1267/2014 እና 1268/2014 የተደነገጉት የጡረታ ዐቅዶች በደመወዝ ላይ በሚታሰብ መዋጮ ላይ የተመሠረቱ ናቸው። ያለ ቅጥር ውል ዕድሜያቸውን በሥራ ያሳለፉ እናቶች ግን የሥራ ዘመናቸው ምስክር የራሳቸው ቃል ነው። ቴአትር የጡረታ መብት ባያስገኝም ይህ ቃል በአደባባይ እንዲሰማ ያደርጋል። የኢ.ፌ.ዴ.ሪ. ሕገ መንግሥት አንቀጽ 41 መንግሥት አረጋውያንን በዐቅሙ እንዲረዳና ለሥነ ጥበብ መስፋፋት አስተዋጽኦ እንዲያደርግ ይደነግጋል።

አዘጋጆች ሊከተሏቸው የሚገቡ ነጥቦች

1. ፈቃድ፦ ባለታሪኳ የትኛው የሕይወታቸው ክፍል እንደሚቀርብና እንደሚቀር ራሳቸው ይወስናሉ። ሁሉም በሚተዋወቅበት ከተማ ስም መቀየር ብቻውን ማንነትን አይሸፍንም። ስለዚህ ድርሰቱ ከልምምድ በፊት ሊነበብላቸው፣ ፈቃዳቸውንም በማንኛውም ጊዜ ማንሳት እንደሚችሉ ሊነገራቸው ይገባል።

2. ቋንቋ፦ ታሪኩ በተነገረበት ቋንቋ፣ በአፋን ኦሮሞ ወይም በሶማሊኛ፣ ቢቀርብ የባለታሪኳ አነጋገር ይጠበቃል።

3. ተዋናይ፦ በአገራችን ዘመናዊ ቴአትር ጅማሬ የሴት ገጸ ባሕርያትን ወንዶች ይጫወቱ ነበር፤ አርቲስት አስናቀች ወርቁ መድረኩን ለሴቶች ከከፈቱት ቀዳሚዎች አንዷ ናቸው። ፈቃደኛ ባለታሪኮችም ራሳቸው መተወን ይችላሉ።

4. ውይይት፦ ብራዚላዊው አውጉስቶ ቦአል ባስተዋወቀው የመድረክ ስልት ተመልካቹ ትዕይንቱን አስቁሞ የራሱን መፍትሔ በመድረክ ላይ ያሳያል። ስልቱ በወተት ዋጋ ወይም በሴቶች የሥራ ጫና ላይ ለመወያየት ይጠቅማል።

5. መብትና ገቢ፦ የቴአትር ድርሰት በቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ጥበቃ አለው። የባለታሪኳ ድርሻ፣ የቀረጻና የሥርጭት ሁኔታ ከዝግጅቱ አስቀድሞ በጽሑፍ መወሰን ይኖርበታል። ማንበብ ለማይችሉ እናቶች ውሉ በሚያምኑት ሰው ፊት ይነበብላቸው።

ዝግጅቱን ለማቅረብ የሚፈልጉ ማኅበራት በቅድሚያ በወረዳቸው ወይም በከተማ አስተዳደራቸው የሴቶችንና የባህል ጉዳዮችን የሚከታተሉ ጽሕፈት ቤቶችን እንዲያነጋግሩ ይመከራል። በዝግጅቱ ወቅት የሕክምና ወይም የማኅበራዊ ድጋፍ ችግር ያለባቸው እናቶች ቢያጋጥሙ፣ በፈቃዳቸው ወደሚመለከተው አካል እንዲቀርቡ መርዳት ያስፈልጋል።