«ሴቭ» ያደረግነው ፋይል የት ነው ያለው?

መብራት ድንገት ሲጠፋ ኮምፒውተር ላይ የነበረ ሰው ቀድሞ የሚጠይቀው «ሴቭ አድርጌው ነበር ወይ?» ብሎ ነው፡፡ ሐዋሳ ውስጥ በኮምፒውተር ጥገና ሥራ የምተዳደር እንደመሆኔ ይህን ጉዳይ ደጋግሜ እሰማለሁ፡፡ የመመረቂያ ጽሑፍ የሚያዘጋጁ ተማሪዎች፣ የሂሳብ ሠራተኞችና የሱቅ ባለቤቶች «ሴቭ አድርጌ ነበር፤ ታዲያ የት ገባ?» ይሉኛል፡፡ ብዙዎቹ እውነታቸውን ነው፡፡ ሴቭ ማድረግና መረጃው ዲስክ ላይ መድረሱ አንድ ነገር አይደሉም፡፡ በሁለቱ መካከል ያለውን ሥራ የሚያከናውነው ኬርነል የሚባለው የኦፕሬቲንግ ሲስተሙ እምብርት ነው፡፡

ካሽ ለምን አስፈለገ?

የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ አንድን መረጃ ፈልጎ ለማንበብ 10 ሚሊሰከንድ ገደማ ይፈጅበታል፡፡ ሜሞሪ ግን በ100 ናኖሰከንድ ገደማ ያቀርበዋል፡፡ ልዩነቱ መቶ ሺህ እጥፍ ነው፡፡ ኤስኤስዲ የሚባሉት ዲስኮች ልዩነቱን ቢያጠቡትም ከሜሞሪ ጋር አይስተካከሉም፡፡

መረጃ ዲስክ ላይ የሚቀመጠው ብሎክ በሚባሉ እኩል ክፍሎች ተከፋፍሎ ሲሆን ዛሬ የተለመደው የብሎክ መጠን 4 ኪሎባይት ነው፡፡ ኬርነሉ ያነበበውን ብሎክ ቅጂ ሜሞሪ ውስጥ ያቆየዋል፡፡ ይህ ማቆያ ካሽ ይባላል፤ ከጥሬ ገንዘቡ «ካሽ» ጋር ግን ዝምድና የለውም፡፡ ያው ብሎክ ዳግም ሲፈለግ ዲስኩ አይነካም፡፡ ካሹ ሲሞላም አብዛኛውን ጊዜ ለረዥም ጊዜ ያልተፈለገው ብሎክ ቦታውን ይለቃል፡፡

ሲጻፍም እንዲሁ ነው፡፡ ደንበኛ የበዛበት ባለሱቅ ዱቤውን በብጣሽ ወረቀት ይይዝና ፋታ ሲያገኝ ወደ ደብተሩ ይገለብጠዋል፡፡ ኬርነሉም ለውጡን ካሹ ላይ ይጽፍና ለፕሮግራሙ «ጨርሻለሁ» ይለዋል፡፡ በሊነክስ የተለመደው አሠራር በየ5 ሰከንዱ እየተነሱ ከ30 ሰከንድ በላይ የቆዩ ለውጦችን ወደ ዲስክ መጻፍ ነው፡፡ መብራቱ በዚህ መሀል ከጠፋ ብጣሽ ወረቀቱን ንፋስ ወሰደው ማለት ነው፡፡

ቁልፉ ምን ይሠራል?

በአንድ ኮምፒውተር ላይ ብዙ ፕሮግራሞች በአንድ ጊዜ ይሠራሉ፡፡ ሁለቱ በአንድ ቅጽበት ያንኑ ብሎክ ፈለጉ እንበል፡፡ ሁለቱም ካሹን አይተው «የለም» ብለው ለየራሳቸው ቅጂ ቢያመጡ፣ አንደኛው በአንዱ ቅጂ ሌላኛው በሌላው ላይ ይጽፋል፡፡ ኋላ ወደ ዲስክ የሚሄደው ቅጂ የፊተኛውን ሥራ ያጠፋዋል፡፡ ይህ የሚሆነው መብራት ሳይጠፋ፣ ምንም የስህተት መልዕክት ሳይታይ በመሆኑ የበለጠ አደገኛ ነው፡፡ ስለዚህ ሁለት ሕጎች አሉ፡- ለአንድ ብሎክ በካሹ ውስጥ አንድ ቅጂ ብቻ፤ ቅጂውን በሚለውጥበት ጊዜም አንድ ባለቤት ብቻ፡፡ ሕጎቹን የሚያስከብሩት ቁልፎች ናቸው፡፡

ነገሩን ከሥሩ ለማየት ለሚፈልግ ተማሪ ኤክስቪ6 ጥሩ ምሳሌ ነው፡፡ ይህ በአሜሪካው ኤምአይቲ እ.ኤ.አ. በ2006 ለማስተማሪያ የተዘጋጀ ትንሽ ኦፕሬቲንግ ሲስተም ነው፡፡ በመደበኛ አሠራሩ ካሹ የሚይዘው 30 ብሎክ ብቻ ሲሆን ሁለት ዓይነት ቁልፍ አለው፡፡ የመጀመሪያው ስፒንሎክ ይባላል፤ መላውን የብሎኮች ዝርዝር ይጠብቃል፡፡ ይህን የሚጠብቅ ፕሮሰሰር በር ላይ ቆሞ እንደሚያንኳኳ ሰው ያለማቋረጥ ይሞክራል፤ ስለዚህ ቁልፉ ለአጭር ጊዜ ብቻ መያዝ አለበት፡፡ ሁለተኛው ለእያንዳንዱ ብሎክ የተሰጠ ስሊፕሎክ ነው፡፡ ይህን የሚጠብቅ ፕሮግራም ይተኛል፤ ቁልፉ ሲለቀቅ ይቀሰቀሳል፡፡ ዲስክ እስኪነበብ መጠበቅ ረዥም በመሆኑ መተኛቱ ይሻላል፡፡

ቅደም ተከተሉም ወሳኝ ነው፡፡ ኬርነሉ በስፒንሎኩ ጥበቃ ብሎኩን ያገኛል፤ «ተጠቃሚ አለው» ብሎ ይቆጥራል፤ ስፒንሎኩን ይለቃል፤ የብሎኩን ቁልፍ የሚይዘው ከዚያ በኋላ ነው፡፡ ቆጠራው ስላለ ብሎኩን በመሀል ለሌላ የሚሰጥበት የለም፡፡ ስፒንሎኩን እንደያዘ ቢተኛ ግን ካሹን የሚፈልጉት ሁሉ ባሉበት ይቆሙ ነበር፡፡ ሌላው አደጋ ዴድሎክ ነው፡፡ አንዱ ሀን ይዞ ለን፣ ሌላው ለን ይዞ ሀን ከጠበቀ ሁለቱም እንደተጠባበቁ ይቀራሉ፡፡ መድኃኒቱ ሁሉም ቁልፎችን በአንድ ዓይነት ቅደም ተከተል እንዲይዝ ማድረግ ነው፡፡

አንድ ቁልፍ ለሁሉም ማድረግ ቀላል ቢሆንም አንድ መስኮት ብቻ እንዳለው ባንክ ሰልፍ ያበዛል፡፡ ሊነክስም እ.ኤ.አ. በ1996 መላውን ኬርነል በሚጠብቅ አንድ ትልቅ ቁልፍ ጀምሮ፣ በትናንሽ ቁልፎች እየተካው ሙሉ በሙሉ ያስወገደው በ2011 ነበር፡፡

ምን እናድርግ?

አንደኛ፣ መብራት በሚቆራረጥበት ቦታ ዴስክቶፕና ሰርቨር ያለ ዩፒኤስ መሥራት የለባቸውም፡፡ ዩፒኤስ ጥቂት ደቂቃ ቢይዝም ካሹን ወደ ዲስክ ለመገልበጥና በሥርዓት ለመዝጋት ይበቃል፡፡

ሁለተኛ፣ ፍላሽን ሳያስወጡ አይንቀሉ፡፡ ዊንዶውስ ከ2018ቱ እትም (1809) ወዲህ ፍላሽ ላይ የሚጻፈውን እንዳያቆይ ተደርጎ ቢመጣም፣ ሊነክስ ዛሬም ያቆያል፡፡ የሊነክስ ተጠቃሚ «ሲንክ» የሚለውን ትዕዛዝ ሰጥቶ እስኪጨርስ ይጠብቅ፡፡

ሦስተኛ፣ የሽያጭ ወይም የሂሳብ ሶፍትዌር የሚያሠራ ድርጅት ፕሮግራም አዘጋጁን አንድ ጥያቄ ይጠይቅ፡- «ተመዝግቧል የሚለው መልዕክት የሚወጣው መረጃው ዲስክ ላይ ከደረሰ በኋላ ነው ወይስ በፊት?» ይህን የሚያረጋግጠው ኤፍሲንክ የተባለው ጥሪ ነው፡፡ እንደ ፖስትግሬስ ያሉ ዳታቤዞች በመደበኛ አሠራራቸው ከዚህ በፊት «ተመዝግቧል» አይሉም፡፡

አራተኛ፣ ኤክስት4ም ሆነ ኤንቲኤፍኤስ የሚጠቀሙበት ጆርናል አያዘናጋ፡፡ ጆርናሉ በዋናነት የፋይሎቹ አደረጃጀት እንዳይፈርስ ይጠብቃል እንጂ ካሽ ውስጥ ቀርቶ የጠፋን ጽሑፍ አይመልስም፡፡ ያንን የሚመልሰው ሌላ ቦታ የተቀመጠ ቅጂ ብቻ ነው፡፡